እሜቴን ማገላበጥ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት

የማስተዋልን ድንች ጋሪ ላይ ጭኜ ገበያ አደረስኳት። ተመለስኩ። የእሜቴን ገንፎ ይዤ መጋረጃው ጋ ቆምኩ። ሳልኩ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ እስኪስቡ ጠበቅኩ። ገባሁ፣ በርጩማው ላይ አስቀመጥኩ፣ ዓይኔን መሬት እንደተከልኩ ወጣሁ። ከውጭ ሆኜ ተገላበጡ ወይ አልኩ። ተገላብጫለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ አሉ። ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ላይ ራይት አደረግኩ።

ደብተሬ፣ አዲስ ስለሆንክ ላስተዋውቅህ። እሜቴ አትጠገብ የሚስቴ የማስተዋል እናት ናቸው። በፍልሰታ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጋፋት በታች ያለው የእግር መንገድ አዳለጣቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆ/ል ተኝተው ተሠራላቸው፣ ከዚያ እኛ ቤት መጡ። መነሳት ገና ነው። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን ይገላበጡ፣ አለዚያ ገላቸው ይቆስላል ብሎናል። ወረቀቱን የለጠፍኩት ለዚያ ነው።

ቀን ቀን ቤት ያለሁት እኔ ነኝ። ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራበት የነበረው ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ወጥቷል። እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ለነርስ ረዳትነት ልሠለጥን አስቤአለሁ። አትሳቅ። የቀረኝ፦

1. የአሥረኛ ክፍል ወረቀት። አለ።
2. ፎቶ። ያለኝ ድሮ የተነሳሁት ነው፣ ጸጉሬ ጥቁር ነው። ሌላ ሰው ነው ይሉኛል። አዲስ መነሳት።
3. የጤና ምርመራ። ነገ።
4. ድፍረት። እየተፈለገ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ከሰዓት

ኮሌጁ ሄጄ ተመዘገብኩ። ሰልፉ ላይ ያሉት ሁሉ የልጄ የቤዛ እኩዮች። አንዷ ዞር ብላ፣ አባባ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው? አለችኝ። አዎ ልላት ምንም አልቀረኝም። እኔው ነኝ አልኩ። ቦታዋን ለቀቀችልኝ። ይሄ ደግሞ ባሰ።

የምታስተምረው ሲስተር ሰናይት ትባላለች። ቀጠን ያለች፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ሰው ግን ጸጥ ብሎ ይሰማታል። ሥራው ምን እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ አለችን። ማጠብ ነው። ማጉረስ ነው። ፖፖ መድፋት ነው። ማገላበጥ ነው። የሚጸየፍ ካለ ዛሬውኑ ይሂድ። ሁለት ልጆች ወጡ። እኔም እግሬ ተነስቶ ነበር፣ ግን በሩ ሩቅ ነው።

ብዙ ተኝቶ የቆሰለ ሰው ፎቶ አሳየችን። እንዴት እንደሚጀምር፣ እንዴት እንደሚጠልቅ። ሽታውንም ነገረችን። «መጀመሪያ የሚሠራው ዓይን ነው፣ እጅ ኋላ ነው» አለች። ይህን ጻፍኩ። ቃለ መጠይቅ ማክሰኞ።

ፎቶው ከዓይኔ አልጠፋም። ቤት ገብቼ መጋረጃው ጋ ስቆም አንድ ነገር ሸተተኝ። ነጭ ሽንኩርት ነው አልኩ፤ ማስተዋል የምትሸጠው ጥጉ ላይ ተቀምጧል። ሽንኩርቱን ወደ ውጭ አወጣሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሽንኩርት አይደለም።

ማስተዋልን ከገበያ ስትመለስ በር ላይ ያዝኳት። እናትሽን ጀርባቸውን እዪ አልኳት። ጠዋት እትየ ዝናሽ አጥባኛለች ይሉኛል አለች። እትየ ዝናሽ ጎረቤታችን ናት፣ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ታጥባቸው ነበር። ገብስ አጨዳ ብላ አገሯ ከሄደች ግን ሰነባብታለች። እኔ ማስተዋል ታጥባቸዋለች ብዬ ነበር፤ እሷን ደግሞ ዝናሽ አጠበችኝ አሏት። ልጃቸው ደክማ መጥታ እንዳትለፋ ነው።

ማስተዋል ገባች። ቆየች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ከመቀመጫቸው ከፍ ብሎ፣ አጥንቱ ላይ፣ መዳፍ የሚያህል። ቆዳው ተገሽልጧል።

ደብተሬ፣ አማትና አማች ምን እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከተጋባን ጀምሮ ፊት ለፊት ተያይተን በልተን አናውቅም። እኔ እሳቸውን አንቱ፣ እሳቸው እኔን አንቱ። ስገባ ይሸፈናሉ፣ ስወጣ ይገለጣሉ። ይህ ክብር ነው። እኔም አክብሬ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ተገላበጡ ወይ ስላቸው መቼም እምቢ አልተገላበጥኩም፣ ና አገላብጠኝ አይሉ። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ራይት ብቻ ነው። አንዱም በዓይን የታየ አይደለም፣ ሁሉም በጆሮ ነው።

ወረቀቱን ቀደድኩት። ከዚያ ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም፤ እንጨት ፈለጥኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ከጤ/ጣቢያ ነርስ መጣች። አጠበች፣ ሸፈነች። ገና ላይ ላዩን ነው፣ በጊዜ ነው የተገኘው አለች። ካልተገላበጡ ግን ጠልቆ አጥንት ይደርሳል፣ በዚህ ዕድሜ ከዚያ አይመለሱም። በየዕለቱ ይታጠብ። በጎን ይተኙ፣ በጉልበታቸው መሀል ትራስ። እንቁላል ይብሉ። ዓርብ ነው አሉ እሜቴ። ነርሷ ሳቀች፣ እንግዲህ ነገ ይጀምሩ አለች።

ስትወጣ ቀን ቀን ማን ነው የሚያገላብጣቸው ብላ ጠየቀች። ማስተዋል እኔን አየችኝ። እኔ መጋረጃውን አየሁት።

እኔ ላገላብጥዎ እሜቴ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቢሆንም አልኩ ከውጭ። እሳቸው ቀስ ብለው፦ «ተዉ የኔ ጌታ። አማቼ ገላዬን ከሚያይ ቁስሉ ይብላኝ።»

በቃ። አንዲት አሮጊት ቤቴ ውስጥ ማገላበጥ ያቃተኝ ሰው፣ ሆ/ል ሄጄ የማን እናት ላገላብጥ ነው?

እሑድ፣ ጥቅምት 9

የንስሐ አባታችን መምሬ ይትባረክ መጡ። ጸሎት አደረሱ፣ ጸበል ረጩ። ጠላ ቀረበላቸው። ነገሩን አጫወትኳቸው። ለታመመ ሰው ይህ ሁሉ መተፋፈር አልታዘዘም አሉ፣ ወደ መጋረጃው ጮክ ብለው።

አሰቡ፣ ጢማቸውን ያዙ። ከዚያ መላ አገኘሁ አሉ። በደንቡ የጡት ልጃቸው ሁን። አውራ ጣታቸውን ማር ያስነኩታል፣ አንተ ትጠባለህ። ከዚያ ወዲያ ልጅ ነህ እንጂ አማች አይደለህም። ልጅ እናቱን ቢያጥብ ማን ምን ይላል?

እኔ ቤት ውስጥ ማር ይኖር እንደሆነ ማሰብ ጀምሬያለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ መጣ፦

«መምሬ፣ እሱ ልጄ ከሆነ ማስተዋል እህቱ ልትሆን አይደል? አጋቡኝ ያልኩዎትን ሊያፋቱኝ ነው?»

መምሬ ጠላው ትን አላቸው። ማስተዋል ምሰሶውን ይዛ ሳቀች። እሜቴም ሳቁ፣ ሰማኋቸው። ከት ብለው ነው የሚስቁት፣ እንደ ወጣት። እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ግን መላው ፈረሰ።

ማታ ቤዛ ከባሕር ዳር ደወለች። ስለ አያቷ ደህና ናቸው አልኳት። ፈተና ላይ ናት። በልተሻል ወይ አልኳት፣ አባዬ ሁሌ ይህን ትጠይቀኛለህ አለች። ለቃለ መጠይቁ ጸጉርህን ተቆረጥ አለች። ጨምሬ ጻፍኩት፦ 5. ጸጉር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ማስተዋል ከሰኞ ጀምራ ገበያ አልወጣችም። እሷ ታገላብጣለች። ድንቹ ጓሮ ተቀምጦ እያቆጠቆጠ ነው። እሜቴ ማቆጥቆጡን ሰምተዋል መሰለኝ፣ ዛሬ ሂጂ ሂጂ ሲሏት ዋሉ። እኔ ምን ሆንኩ፣ በራሴ እገላበጣለሁ ይላሉ። ውሸት ነው። ክንዳቸው አይችልም።

ቃለ መጠይቅ ገባሁ። ጸጉሬ ተቆርጧል፣ አንገቴን በረደኝ። ሲስተር ሰናይትና አንድ መነጽር ያደረገ ሰው። ለምን ይህን ሥራ ፈለጉ አለኝ ሰውየው። ያጠናሁት ነበር፣ ጠፋኝ። ለኔ ዕድሜ የሚሆን ሌላ ሥልጠና የለም አልኩ። ጻፈ። ምን እንደጻፈ እንጃ።

ሲስተር ጠየቀችኝ። እንክብካቤ አልፈልግም ያለ ታማሚ ቢገጥምዎ ምን ያደርጋሉ?

ገጥሞኛል አልኳት፣ ቤቴ ተኝተዋል። ሁሉንም ነገርኳት፤ ወረቀቱንም፣ ራይቱንም፣ ሽንኩርቱንም። ሰውየው መጻፉን ተወ። አሁን ምን እያደረጉ ነው አለች። እየጠበቅኩ ነው አልኩ። እስኪፈቅዱ።

«አይጠብቁ። ይጠይቋቸው» አለች። «እሺ ወይ እምቢ ብለው አይደለም። እንዴት ቢሆን እሺ እንደሚሉ ይጠይቋቸው።»

ይኼ ለፈተናው ይሁን ለኔ አልገባኝም። ነጭ ጋዋን አሰፍተው ይጠብቁ አለችኝ፤ ውጤቱ ሌላ ሳምንት ይለጠፋል። ጋዋን ለሁሉም የተባለ ነው፣ አለፍኩ ማለት አይደለም። ሦስቴ አሰብኩበት። አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ሚካኤል

ማስተዋል ቤተ ክርስቲያን ሳለች መጋረጃው ጋ ቆሜ ሳልኩ። አልገባሁም። እሜቴ፣ እንዴት ቢሆን እሺ ይሉኛል አልኳቸው።

ነጠላቸው ሲሳብ ሰማሁ። ጭራሽ ያስቀየምኳቸው መሰለኝ። ከዚያ፣ «ላስብበት፣ ይሂዱ» አሉ።

ላስብበት ማለት እምቢ አይደለም። አይደለም አይደል፣ ደብተሬ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ጋዋኑን ከልብስ ሰፊው አመጣሁ። ትከሻው ጠበብ ብሏል። ማስተዋል ልበሰውና ልይህ አለች። ለበስኩ። ዙር አለች፣ ዞርኩ። ዱቄት የተደፋበት ሰው ትመስላለህ አለች። ስትስቅ ያየኋት ከሐሙስ ወዲህ በመምሬ ጊዜና አሁን ነው።

መጋረጃው ገርበብ ብሎ ነበር። እሜቴ አይተዋል። ማስተዋልን ጠሯት። እኔ ቶሎ ላወልቅ ቁልፉ ላይ ተጣበቅኩ።

ማስተዋል የነገረችኝን እንዳለ ልጻፈው። እሜቴ እንዲህ አሉ። ሆ/ል ሳለሁ አንድ የማላውቀው ጎረምሳ ነጭ ለብሶ ሲያገላብጠኝ ነበር። ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ አላልኩትም። አላፈርኩም። ገላዬን ያየው እሱ አይደለም፣ ሥራው ነው። እንግዲህ ይህ ሰውዬ ያንን ሲለብስ አማቼ አይደለም ልበል። ሲያወልቀው አማቼ ነው፣ እንደ ወትሮው ስሎ ይግባ። ሁለቱን እንዳያቀላቅልብኝ።

ማስተዋል እናቴ ሕግ አወጣች አለች። ለኔ ግን እውነትም ሕግ ነው። ጻፍኩት፦

1. በጋዋን፦ ነርስ።
2. ያለ ጋዋን፦ አማች።
3. አለማቀላቀል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ቀን

አገላበጥኳቸው።

እጄን ታጠብኩ፣ ለበስኩ፣ ገባሁ። አልሳልኩም፤ ነርስ አይስልም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሊስቡ ጀምረው ተዉት። ፊታቸውን ደህና አድርጌ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ማስተዋልን ይመስላሉ፣ በቅንድብ።

አሁን የማደርገውን እነግርዎታለሁ አልኩ። ጉልበታቸውን አጠፍኩ። የሥር አንሶላውን ይዤ ወደኔ ሳብኩ። የሚሠራበትን ብቻ ገልጬ ሌላውን በነጠላቸው ሸፈንኩ። አየሁ። ቁስሉ ባሰብኩት ልክ አያስፈራም፣ ወይም ፎቶውን አስቀድሜ ስላየሁ ነው። በጨው ውሃ አጠብኩ። ሸፈንኩ። ትራስ።

«እጅህ ያንን በረዶ ይመስላል፣ አሙቀው እንጂ አንተ ልጅ!» አሉኝ።

አንተ ልጅ! ማስተዋል ብትሰማ። ይቅርታ አልኩ። እሳት ላይ አሙቄ ተመለስኩ። አሁንስ አልኩ። አሁን ሰው ሆንክ አሉ።

አወለቅኩ። ምሳ ይዤ መጋረጃው ጋ ቆምኩ፣ ሳልኩ። ተሸፈኑ። አስቀመጥኩ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክመዋል ዛሬ» አሉ፣ ከነጠላው ሥር። እኔም ኧረ ምንም አልኩ፣ ወደ መሬት እያየሁ።

ጓሮ ወጥቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ መሰለኝ። አጭር ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ማስተዋል ገበያ ተመልሳለች። ድንቹ ግማሹ ለዘር ሆነ። ቀኑ እንዲህ ነው፦ መልበስ፣ ማገላበጥ፣ ማውለቅ፣ መሳል፣ ምግብ፣ መልበስ። ቁልፉ ከመብዛቱ ጣቴ ዛለ።

በጋዋን ስሆን ይሰድቡኛል፣ ያጫውቱኛል። ስለ ማስተዋል ልጅነት ሰማሁ፤ በግ ስትፈራ ትሮጥ እንደነበር። ያ ባሏ ደግሞ ዝምተኛ ነው አሉኝ፣ ደግ ነው ግን ይሰጋል፣ ዝናብ ሳይመጣ ይበሰብሳል። ማን፣ እኔ? አልኩ። አንተን አላልኩም፣ አማቼን ነው አሉ። ዓይናቸው ይስቃል።

የቁስሉ ዳር ቀላ ብሏል። የጤ/ጣቢያዋ ነርስ እየዳነ ነው ማለት ነው አለች። ማን ነው የሚያጥባቸው አለችኝ። አላመነችኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ተለጠፈ። ስሜ አለ። ከታች፣ ግን አለ። ሁለቴ አነበብኩ፣ የአባቴንም ስም።

ደስታዬ ከኮሌጁ በር አላለፈም። ትምህርቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው፣ ሙሉ ቀን። ሰኞ ይጀመራል። እሜቴን ማን?

ማስተዋልን ደግሞ ከገበያ ላስቀራት? እትየ ዝናሽ ከገብሱ ወደ ስንዴው ተሻገረች ይላሉ። ቁስሉ እየዳነ ነው እንጂ አልዳነም። ሳምንት ቢታለፍ ተመልሶ ይከፈታል።

እሜቴ ሰሙ። ጋዋን ስላልለበስኩ ከመጋረጃው ጀርባ ነው፦ «ይሂዱ የኔ ጌታ። ለኔ ብለው እንዳይቀሩ።» ያው ቃል ነው። ተገላብጫለሁ እንዳሉት። አሁን ግን በጆሮ አላምንም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21። ማርያም

ጠዋት አገላብጬ፣ ማስተዋልን እስክመለስ ጠብቂ ብዬ፣ ኮሌጅ ሄድኩ። ሲስተር ሰናይትን አገኘኋት። የቅዳሜና እሑዱ ትምህርት ላይ አዛውሪኝ አልኳት። እሱ የሚጀመረው ኅዳር ውስጥ ነው አለች፣ ለመጨረስም ይረዝማል፣ እነዚህ ልጆች ተመርቀው እርስዎ ገና ይማራሉ። ይሁን አልኩ። እሑድ ማስተዋል ገበያ የላትም፣ ቅዳሜ ደግሞ እትየ ዝናሽ ከአጨዳ ከተመለሰች እለምናታለሁ። ካልተመለሰች ማስተዋል ቅዳሜ ቅዳሜ ትቀራለች። አስቤበታለሁ።

ለአሮጊቷ ብለው ነው? አለች። አዎ ልል ነበር። እውነቱን ለመናገር ለኔም ነው አልኳት፤ የጀመርኩትን አንድ ሰው ሳልጨርስ ሌላ መጀመር አልፈልግም። ስሜን ከአንዱ ሰርዛ ሌላው ላይ ጻፈችው። ልቤ ረጋ። በመንገድ ሁሉ ምንም አልቆጠርኩም፣ ምንም አልሰጋሁም። ይህን ራሱ ጠረጠርኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22። ከሰዓት

ተወስኗል፦ ቅዳሜና እሑድ፣ ከኅዳር ጀምሮ። ለቤዛ ደወልኩ። አባዬ እኔ ሳልመረቅ ትመረቃለህ ወይ አለች፤ እሽቅድድም ነው አልኳት። በልታለች።

ማስተዋል ገበያ ናት። ፀሐይ አለ ግን ብርዱ ያው ነው። ጋዋኑን ጠዋት አጥቤ ገመድ ላይ ሰጥቼዋለሁ፤ ሾርባ ፈስሶበት ነበር። ገና ይንጠባጠባል።

እሜቴ ተጣሩ። የመገላበጫቸው ሰዓት ደርሷል፣ እኔ እንኳ ረስቼው። መጋረጃው ጋ ቆምኩ፣ ሳልኩ። እሜቴ ትንሽ ይታገሱኝ፣ ጋዋኑ አልደረቀም፣ እሳት ላይ ይዤው ልምጣ አልኩ።

«ምን አልከኝ?»

አልደረቀም አልኳቸው። ያወጡት ሕግ አለ አልኩ።

«አየ ጉድ! ወገቤ ተቃጠለ እኮ። ጨርቁ ነው እንዴ የሚያገላብጠኝ? ግባ!»

እጄን አሙቄ ገባሁ።